በሸማኔው ጣት ጉዳይ ወደ ኦቾሎ

ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተሰናበትኩ በኋላ፣ በሰዎች ላይ የሚደረጉ የሕክምና ምርምሮችን መርምሮ በሚፈቅድ ኮሚቴ ውስጥ የነዋሪዎች ተወካይ ሆኜ ተመረጥሁ። የቀረበልን ጥናት የተቆረጠ ነርቭን ሁለት ጫፎች ስለሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ ነበር፤ ነርቩ በውስጡ አድጎ ሲገናኝ ቱቦው ሟሙቶ ይጠፋል። መጀመሪያ የሚገባላቸው አቶ ጫሬ የተባሉ፣ በጋሞ ተራራ ላይ ያለችው የኦቾሎ መንደር ሸማኔ ናቸው፤ ጣታቸውን ማጭድ ቆርጦት ስሜት አጥቷል። ፈቃዳቸው የመጣው በሽማግሌዎች በኩል ስለሆነ፣ ከራሳቸው አንደበት ልስማው ብዬ ተነሣሁ።

ጠዋት ከምኖርበት ከተማ፣ ከሲቀላ ሰፈር በሚኒባስ ስንወጣ፣ ቱቦውን የነደፈችው ኢንጂነር ሰላማዊት አብራኝ ነበረች። ጫኖ ከተባለው የመንገድ ዳር መንደር ላይ የሙዝ ጭነት መንገድ ዘግቶ ጥቂት ቆምን፤ ከዚያ ዳገቱን በሞተር ብስክሌት ወጣነው። ከታች የአባያ ሐይቅ ውኃ እንደ ሸክላ ቀልቶ ይታያል።

ኦቾሎ

ሽማግሌዎቹ በዱቡሻ፣ ማለትም በአደባባይ መምከሪያቸው፣ ድንጋዮች ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ነገሩ አልቋል አሉ፤ ዱቡሻ የወሰነውን ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አያፈርስም። እኔ ግን ሸማኔውን ለብቻቸው እንዳነጋግራቸው ለመንሁ።

«ለእኚህ ሰውዬ ጡረታ መውጣታቸውን የነገራቸው የለም እንዴ?» አሉ አንዱ። ተሳስቀው ፈቀዱልኝ፤ ሆኖም የሚባለው ሁሉ ተመልሶ በዱቡሻ ፊት እንዲነገር አዘዙ።

አቶ ጫሬ ከሽመና ጉድጓዳቸው ሳይወጡ፣ ሽሮ ሜዳ ሲሸምኑ በለመዱት አማርኛ መለሱልኝ።

«ቱቦውን አልፈራሁም፣ ጋሼ። ጣቴ ደርቆ ቢቀርስ? ደንዝዞም ቢሆን ዛሬ ይታጠፋል፤ ልጆቼ የሚበሉት በሱ ነው።»

ሰላማዊት መወርወሪያውን እንዲወረውሩ ጠየቀቻቸው። ደጋግመው ወረወሩ። ጠባሳው ልክ የጣቱ መታጠፊያ ላይ ነው። ጎንበስ ብላ ካየች በኋላ፣ ቱቦውን የፈተነችው ተዘርግቶ በተቀመጠ ነርቭ ላይ ብቻ እንደነበር፣ እዚህ ግን ታጥፎ ሊደፈን እንደሚችል ሳትሸሽግ ነገረቻቸው።

«እንግዲያው የሚታጠፍ ሥሪልኝ፤ እጠብቃለሁ» አሉ።

ይህንኑ በዱቡሻ ፊት ደገሙት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተማከሩ። በመጨረሻ አንጋፋው ሽማግሌ እርጥብ ሣር ነጭተው ሰጧቸው፤ በጋሞ ባህል ይህ የሰላም ምልክት ነው። የቀድሞው ውሳኔ ተነሣ።

ከበቆሎና ከሽፈራው ቅጠል የተሠራ ምሳ አብልተው ሸኙን፤ ማምሻውን ቤቴ ገባሁ። ከጉዞው የተማርኩት፣ ፊርማውን ከመመልከት አስቀድሞ እጁን ማየት እንደሚገባ ነው።

ሰላማዊት ቱቦውን እንደ ጉሮሮ በቀለበት በቀለበት አድርጋ እንደገና ነደፈችው፤ እየታጠፈ አለመደፈኑንም አሳየችን። አቶ ጫሬ ለብቻቸው ተጠይቀው ተስማሙ። ኮሚቴውም በታኅሣሥ ወር የመጀመሪያው ሰኞ ጥናቱን በሙሉ ድምፅ ፈቀደ።