የማክሰኞን ጸሎት ሐሙስ ያነበብኩት እኔ ነኝ

ቆይ፣ ምኑ ነው የሚያስቃችሁ? አዎ፣ የማክሰኞን ጸሎት ሐሙስ ዕለት አንብቤያለሁ! «ከአራተኛ ክፍል የወጣ ሹፌር ጸሎት አንባቢ ሆነ» እያላችሁ ከተማውን አዳረሳችሁት። አራተኛን ሁለቴ ነው የተማርኩት፤ ከእናንተ ማን ሁለቴ ተምሮታል?

ያኔ የት ነበራችሁ? እኔ ኮሶዬ ነበርኩ። ከደባርቅ ሰው ጭኜ ወደ ጎንደር ስመጣ ከፊትም ከኋላም ተኩስ ሆነና መንገዱ ተዘጋ። ኔትወርክ የለም። ሚኒባሷን ከአንድ ምግብ ቤት ግድግዳ አስጠግቼ አቆምኳት፤ እንደኔ አሳምሮ የሚያቆም በዚያ መስመር የለም። ተሳፋሪው ሁሉ እዚያው ምግብ ቤት ገባ።

ከመሃላቸው ከመካነ ብርሃን የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው ጎንደር ሆስፒታል ምጥ ጠንቶባት «ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው» ተብለው ነው የተነሱት። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሱ፣ ቃል አልተነፈሱ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። በእግራቸው ሊሄዱ! በዚያ ተኩስ!

«አያ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። ዱላቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«አያ፣ እኔ እንኳ በዚህ ጀግንነቴ ሽንት ቤት የምሄደው አማትቤ ነው።» አንድ እግራቸውን ከደጁ አወጡ።

በአንገታቸው የጸሎት መጽሐፍ በማኅደር አንግተዋል፤ ዓይናቸው ስለደከመ ማንበብ ትተዋል። «ላንብብልዎት» ብዬ ወሰድኩባቸው። እኔ የማነበው የማኪና ታርጋ ነው እንጂ! መጽሐፉ ደግሞ ለየዕለቱ የራሱ ጸሎት አለው። ከተገለጠልኝ ጀመርኩ፣ ፊደል በፊደል፣ አቀበት በአንደኛ ማርሽ እንደሚወጣ።

«ምነው!» አሉ። በሁለት ቀን የመጀመሪያ ቃላቸው! «ምነው አንተ ልጅ! ይህ እኮ የማክሰኞ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ ነው!»

«አያ፣ መንገዱ የተዘጋው ማክሰኞ ነው። ለኔ እስካሁን ማክሰኞ ነው።»

ቤቱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ተናደው ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደገፉና ተቀመጡ። «ግለጥ። አሁንም ግለጥ። ቀይ ቀለሙ ጋ፣ እዚያ ላይ።»

ለካ ሁሉን በቃላቸው ያውቁታል! አንድ ፊደል ስስት ይቆጡኛል፣ እደግማለሁ። እኔን ሲያርሙ ሲያርሙ ድምፃቸው እየጠራ መጣ። ጸሎቱ መሃል የሚጸለይለት ሰው ስም የሚገባበት፣ «እገሌ» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ስንደርስ አስቆሙኝና የልጃቸውን የክርስትና ስም ጠሩ። ቀጥለው «ያንተስ?» አሉኝ። ለካ እኔም ፈርቼ ነበር። ነገርኳቸው። ሹፌር አያለቅስም፤ የምድጃ ጭስ ነው።

ሲያበቃ «እህል አለ?» ብለው የምግብ ቤቷን ባለቤት ጠየቁ።

ዓርብ የዓርቡን፣ ቅዳሜ የቅዳሜውን አነበብኩ። እሑድ መንገዱ ተከፈተ። «ጸሎትህ ከፈተው በለና!» ትሉኛላችሁ። መቼ አልኩ? እኔ ያልኩት ሰውየው ሐሙስ ዕለት በዚያ በር አልወጡም ነው። ተስፋ የቆረጠ ሰው ተቀምጦ መጽሐፍ ያስገልጣል? በማኪናዬ ሆስፒታል በር አደረስኳቸው። ልጅቱ ተርፋለች፣ ሕፃኑም ሸጋ ነው። ሲገቡ መጀመሪያ ያለችው «አባዬ፣ እህል ቀምሰሃል?» ነው። ሐሙስ ወጥተው ቢቀሩ ኖሮ ማንን ልትጠይቅ ነበር? በዚህ ነው የምትስቁ?

አላመናችሁም? ኮሶዬ ሂዱ። ባለ ምግብ ቤቷን ጠይቋት። መካነ ብርሃን ድረስ ውጡና ሽማግሌውን «ያ ቀን የማያውቀው ሹፌር» በሏቸው፣ ማንን እንደምትሉ ያውቃሉ። እናንተ ቀን የምታውቁ፣ ሂዱና እዚያ የነበረውን ሁሉ ጠይቁ!