የባለ ጥላው ርዕሶች

ሰው ቅጽል ስም የሚወጣለት በመልኩ ወይ በአመሉ ነው። ይህ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ግን የወጣለት በኮምፒውተሩ ነው፤ ባለ ጥላው ይሉታል። ዝናብ ቢዘንብ፣ ፀሐይ ቢያቃጥል ጥላ ይዞ ታይቶ አያውቅም። የሱ ጥላ የሚውለው ከርዕስ ሥር ነው።

ነገሩ የጀመረው አዲሱ ኃላፊ የመጡ ሰሞን ነው። የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ተይቦ ይዞላቸው ቢገባ፣ ገና ከሩቁ ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ምንድን ነው ይሄ? ርዕሱ ጥላ ቢስ ነው!»

ግርማ ሞገስ የለውም ማለታቸው ነበር። እሱ የዋሁ ቃል በቃል ወሰደው። ተመልሶ ተቀመጠና ፊደሉን አገዘፈ፣ አደመቀ፣ ወርቃማ ቀለም ቀባ፣ እንደ ድልድይ አጎበጠ፣ ከሥሩም ጥላ ጣለበት። ኃላፊው አዩና «እሰይ! ሪፖርት ማለት እንዲህ ነው!» ብለው ፈረሙ። ከርዕሱ በታች ያለው በስሕተት የገባ ያለፈው ዓመት ሪፖርት ነበር። እስከ ዛሬም አያውቁም።

ከዚያ ወዲህማ መሥሪያ ቤቱ ሠርግ ቤት መሰለ። «የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ አመላለስ መመሪያ» በቀስተ ደመና ቀለም ተለጠፈ። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ የተጻፈበትን «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» በመስታወት አስገብቶ ሳሎኑ ሰቀለው፤ እንግዳ ሲመጣ «የተሸለምኩት ነው» ይላል አሉ። ማን ሊያነበው!

ባለ ጥላው የሰውን ሁሉ ርዕስ ሲያስጌጥ የራሱ ቤት ግን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ሚስቱ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ አስተማሪ ናት፤ ልጃቸውም ያለችው ከእናቷ ጋር ነው። ባለፈው ሄዶ በሩን ሲያንኳኳ ትንሿ ከፍታ አየችውና ወደ ውስጥ ዞራ «እማዬ፣ እንግዳ መጥቷል» አለች። የዝውውር ማመልከቻ ሦስት ጊዜ አስገብቷል፤ ሦስቱም የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አቧራ ለብሰው ቀሩ። ለራስ ጉዳይ መሽቀርቀር ነውር መስሎት ርዕሱን በተራ ፊደል ነበር የጻፈው።

ሚስቱ ይህን በስልክ ስትሰማ ጦፈች።

«አንተ ሰው፣ ጤነኛ ነህ? ለመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ያልሰሰትከውን ቀለም ለእኔና ለልጅህ ትሰስታለህ?»

እውነቷን ነው።

በማግስቱ ምሳውን ትቶ ተቀመጠ። «የዝውውር ጥያቄ» ሁለት ቃል ናት፤ ሁለቱን ቃል ሲያሽሞነሙን የምሳ ሰዓቱ አለቀ። ፊደሎቹን አራራቀ፣ ዳር ዳራቸውን በብርማ ቀለም ከበበ፣ ከላይ አፍክቶ ከታች አጠቆረ፣ ጥላውን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረገው። ማተሚያው ወረቀቱን ሲተፋው ራሱ ሠሪው አፉን ከፍቶ ቀረ። እንደያዘው ገባ።

ኃላፊው ከወንበራቸው ተነሡ። ወደ መስኮቱ ወስደው በብርሃን አገላብጠው አዩት።

«ዝውውር? የማን ዝውውር?»

«የኔ ነው ጌታዬ። ልጄ እንግዳ ትለኛለች።»

«አብደሃል እንዴ ወንድሜ! እንዲህ ያለ እጅ ያለውን ሰው ለማን አሳልፌ ልሰጥ?»

ብዕራቸውን መዘዙና ጠርዙ ላይ «ለመሥሪያ ቤቱ እጅግ አስፈላጊ ስለሆኑ አልተፈቀደም» ብለው ጻፉበት። ከዚያም ትከሻውን መታ መታ አድርገው «መልሱን አንተው ተይበው። እንዳይከፋህ ርዕሱን አሳምረው» አሉት። ደግ ሰው ናቸው መቼም!

ምን ያድርግ፣ ታዘዘ። ዐይኑ እንባ ቢያቀርርም እጁ ልማዱን አልተወም፤ «ጉዳዩ፦ ዝውውርዎን ይመለከታል» የሚለው ወርቅ ለብሶ ወጣ። ለሚስቱ በአፉ መንገር ስላቃተው ደብዳቤውን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ላከላት። ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች።

«እሰይ! እሰይ! እኔ እኮ ብዬህ ነበር! ምን የመሰለ ደብዳቤ ነው የጻፉልህ!» ወዲያው ድምፅዋን ከስልኩ አርቃ «ነይማ የኔ እናት፣ አባትሽ ጠቅልሎ ሊመጣልን ነው!» ስትል ተሰማው።

ባለ ጥላው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስሚኝማ» አላት፤ «እስቲ ከርዕሱ ወረድ ብለሽ አንብቢው።»