ጄሪካን አጥልቄ ንብ ያስገባሁ ዕለት

መርሳ ከተማ ውስጥ የሳይንስ ልቦለድ የምንወድ አምስት ሰዎች ማኅበር አለን። እሁድ እሁድ ከከተማው ወጣ ብለን ግራና አጠገብ ያለ ሜዳ ላይ በስልካችን የጠፈር ፊልም እንቀርጻለን። ልብሳችን ነጭ ቱታ ነው። የራስ ቁሩን ከጄሪካን ቆርጬ የሠራሁት እኔ መካኒኩ ነኝ፤ እኮራበታለሁም።

አንድ እሁድ ቀረጻ ላይ ሳለን አንድ ሽማግሌ ገበሬ እያለከለኩ መጡ።

"ልጆቼ፣ እግዜር ነው ያመጣችሁ! ንቦቼ ወጥተው ዋንዛው ላይ ሰፍረዋል። እናንተ ልብሱ አላችሁ፤ አስገቡልኝ።"

"አባቴ፣ ይሄ እኮ የንብ ልብስ አይደለም" ብል ማን ሊሰማኝ! ቀፎውን አሸክመው ዛፉ ሥር አደረሱኝ። ቅርንጫፉን ሳራግፈው ግማሹ መንጋ ቀፎው ውስጥ፣ የቀረው ጄሪካኔ ውስጥ ገባ። ጓደኞቼ እኔን መርዳት ትተው ይቀርጹኝ ነበር።

ፊቴ እንደ ድፎ አብጦ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌው ጠላ ቀዱልንና ዋና ተዋናያችንን ሒሩትን ትክ ብለው አዩዋት።

"ንቡንማ እንደ ወትሮዬ በባዶ እጄ አስገባው ነበር" አሉ። "እናንተን ማስቆሚያ ሰበብ አጥቼ ነው። በየሳምንቱ ከማሳዬ ሆኜ አያችኋለሁ። ይቺ ልጅ ባለፈው እሁድ ሞታ አልቅሼላት ነበር፤ ዛሬ ማን አስነሳት?"