ወንዲ ኮምፒውተሩን ሱሉልታ የወሰደ ጊዜ

ባሌ ወንዲ ሰርግ ይቀርጻል። ሰበታ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ እንደ ወንዲ የሚያቆይ ግን የለም። ለማማት አይደለም፤ እሱም ያውቀዋል። አምና የአንዱን ሰርግ ቪዲዮ ሠርቶ ሲጨርስ ሙሽሮቹ ተፋተው ነበር። ለማን እንደሚሰጠው ጨንቆት ሁለት ሳምንት ቁምሳጥን ላይ አስቀመጠው። በመጨረሻ ሚዜው መጥቶ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ሰዉ «ሰርግህን ለወንዲ ስጠው፣ ለልጅህ ክርስትና ይደርስልሃል» እያለ ይስቅበታል።

እኔ ዱርሲቱ እባላለሁ። የተጂ ከተማ ልጅ ነኝ፣ ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው። ጽሕፈት ላይ ብዙም አይደለሁም፤ እንደማወራው ነው የምጽፈው።

ወንዲ ጥፋቱን ሁሉ በአሮጌው ኮምፒውተር ያላክክ ነበር። ቡራዩ ሱቅ ካለው ከኡዘይር አዲስ ገዛ። ዕቃው ተበታትኖ በካርቶን በካርቶን ነው የመጣው፤ ቤት ውስጥ እኛው ገጠምነው። እሱ ብሎን ሲያጠብቅ እኔ ባትሪ አበራሁለት። ኡዘይር ደግሞ አንድ ነገር ሹክ ብሎታል፦ «የዚህ ፕሮሰሰር ጉልበቱ አልተቆለፈም። ፋብሪካው ከሰጠው ፍጥነት በላይ ታስሮጠዋለህ፤ ኦቨርክሎክ ይባላል።» ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩ ጭንቅላት ነው፤ ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም። ወንዲ ይህን ከሰማ በኋላ ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ስለ ኦቨርክሎክ ሆነ ወሬው።

በዚያው ሰሞን የሱሉልታዋ ወይዘሮ ጠጅቱ ልጃቸውን ቤተልሄምን ዳሩ። ወንዲ ቀረጸ። ሲወጣ በር ላይ ያዙት።

«ስማ አንተ! ቅልቅሉ የዛሬ ሳምንት ነው። እንግዳው ሁሉ ተቀምጦ ቪዲዮው ይታያል። ካልደረሰልኝ ስምህን ከሰበታ እስከ ለገጣፎ ነው የማነሳልህ።»

ዘመዳቸው በየከተማው ስለሆነ ማስፈራሪያ ብቻ አይደለም፤ ያደርጉታል። ወንዲ ቤት ገብቶ አልጋው ላይ ቁጭ አለ።

«ዱርሲ፣ ይሄ ካመለጠኝ በቃ፣ ካሜራውን ሸጬ ባጃጅ መንዳት ነው።»

«ባጃጅም እኮ ፈጠን ያለ ሰው ይፈልጋል» አልኩት። አልሳቀም።

እስከ ዓርብ ቪዲዮውን ሲቆርጥ ሲቀጥል ሰነበተ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሁሉንም አንድ ፊልም አድርጎ ማውጣት አለበት። እሱ «ሬንደር» ይለዋል፣ እኔ መፍጨት እለዋለሁ። ሲያስጀምረው «አርባ ስምንት ሰዓት ይቀራል» የሚል መጣ። አሮጌው እንኳ እንዲህ አያደርግም ነበር።

«ይሄኔ ነው ኦቨርክሎክ!» አለ ወንዲ፣ እጅጌውን ሰብስቦ። ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ የሚከፈት ገጽ አለ። እዚያ ገብቶ ሃምሳ የሚለውን የፍጥነት ቁጥር ባንዴ ሃምሳ አምስት አደረገው። ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ትንሽ ሄደ፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀጥ አለ። ሃምሳ ሦስት አለው፤ አሁንም ሰማያዊ። ወደ ሃምሳው መለሰው። መሄዱን ይሄዳል፣ ሙቀቱ ግን ዘጠና ሰባት ዲግሪ ነው። ሲግል ደግሞ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያዘገያል። ልክ እንደ ባለቤቱ። ይህን ግን በሆዴ ነው ያልኩት።

ለኡዘይር ደወለ። ኡዘይር ሰው በዝቶበት ነበር መሰለኝ፣ «ወንድሜ፣ ያንተ ነገር ሙቀት ነው! ሱሉልታ ውሰደው!» ብሎ ስቆ ዘጋው።

ወንዲ አልሳቀም። አሰበበት። «ውነቱን ነው፣ ሱሉልታ ብርድ ነው» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልለን ሚኒባስ ላይ ወጣን። ወንዲ ጭኑ ላይ ታቀፈው። ቡራዩ ላይ አንዲት እናት አጠገባችን ተቀመጡና ጋቢውን አይተው፣

«አሞት ነው ልጄ?» አሉት።

«ትኩሳት አለበት።»

«ጠበል ወሰዳችሁት?»

እኔ በመስኮት ወደ ውጪ አየሁ።

ወይዘሮ ጠጅቱ ግቢ ስንደርስ ለነገ ሽንኩርት ይከተፋል። በኦሮምኛ «ኮቱ፣ ታኢ»፣ ነይ ተቀመጪ ብለው አስገቡኝና ጋቢውን ገለጥ አደረጉ። «ቪዲዮዬን አምጣ ብዬ ምጣዱን ይዞ መጣ?» አሉ። ወንዲ አስረዳቸው። ከመጣ ወዲያ ምን ይደረግ፤ ኮምፒውተሩን በሩ አጠገብ ነፋስ የሚገባበት ላይ አስቀመጡለት። መብራቱ እንዳይቆረጥበት የኤሌክትሪክ ምድጃ አይነካ ብለው ወጡን ሁሉ ወደ ከሰል አዞሩት። ወንዲ ከቴሌቪዥናቸው ጋር አገናኝቶ አስጀመረው። ዘጠና ስድስት። ያን ሁሉ መንገድ ለአንድ ዲግሪ! ወይዘሮ ጠጅቱ የከሰሉን ማራገቢያ አንስተው ያራግቡለት ጀመር።

«እማማ፣ ተዉት፣ አመድ ይገባበታል።»

«ዝም በል! ነገ የሚያፍረው አንተ ብቻ መሰለህ?»

እኔ ሶፋው ላይ ነበርኩ። የሱሉልታ ብርድ ታውቁታላችሁ፣ እጄ ደንዝዟል። ጀርባዬ ግን በላብ ርሷል። ምንድነው ብዬ ስዳስስ የሶፋው ላስቲክ ነው። ሶፋው ከተገዛ ስንት ዓመቱ፣ አዲስነቱ እንዳይጠፋ ላስቲኩ አልተነሳለትም። የኛም ቤት እንደዚሁ ነው፤ ሪሞቱም ላስቲክ ለብሷል፣ የፍሪጁም በር አልተላጠም።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጥ ማቀዝቀዣ አለ፤ ከላይ ማራገቢያ፣ ከታች የሚያብለጨልጭ ብረት። ስንገጥም ብረቱ ላይ ስስ ላስቲክ ነበረበት። ወንዲ ሊልጠው ሲል «ተው፣ ይቆሽሻል፣ አዲስነቱ ይቆይ» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱም እሺ ብሎ ሙቀት የሚያሳልፈውን ቅባት ከላስቲኩ በላይ ቀብቶ ገጠመው።

እንዴት ልንገረው? ቤቱ በሰው ሞልቷል። እኔ ሰው ፊት ውሃ ስጡኝ እንኳ ማለት አልወድም። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። የሶፋው ላስቲክ ሲንጫጫ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። በመጨረሻ ጆሮው ላይ አጎንብሼ «ወንዲ፣ ላስቲኩ» አልኩት።

«የምን ላስቲክ?»

«የብረቱ። እኔ ነኝ ተው ያልኩህ።»

ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማቀዝቀዣውን ፈታው። ላስቲኩ ቅባት ተለቅልቆ፣ መሐሉ ተጨማዶ አለ። ጥጉ ላይ በቀይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለበት። ወንዲ አነበበው።

«ምን ይላል?»

«ሳትገጥም ላጥ ይላል።»

ላጠው፣ ጠረገው፣ የተረፈውን ቅባት ቀባ፣ መልሶ ገጠመ። ስልሳ ስምንት ዲግሪ። ወንዲ ወዲያው ያቺን ገጽ ከፍቶ እንደገና ሃምሳ አምስት ሊያደርግ! እጁን ያዝኩት።

«የወፍጮ ድንጋይ ባንዴ ታጠብቃለህ? ዱቄቱን ታሳርረዋለህ። ትንሽ ታጠብቃለህ፣ ድምፁን ትሰማለህ፣ ዱቄቱን በእጅህ ታያለህ፣ ከዚያ ነው የምትጨምረው።»

ሃምሳ አንድ አደረገው፤ ሄደ። ሃምሳ ሁለት፤ ሄደ። ሃምሳ ሦስት ላይ ቀጥ አለ። ወደ ሃምሳ ሁለት መለሰው፣ እዚያው ተውነው። «አምስት ሰዓት ይቀራል» አለ። አሥር ሰዓት ላይ ፊልሙ አለቀ። ወንዲ በዕድሜው አንድ ቀን ቀድሞ ያደረሰው ሥራ ይህ ነው።

ቀድሞ ማድረስም ጣጣ አለው ለካ። ወይዘሮ ጠጅቱ አይተው «የልጄን አጎት ንግግር ቆርጠህ አውጣልኝ» አሉ። እህታቸው «እኔ ስበላ ያለውን አውጣልኝ» አለች። ሙሽራዋ ቤተልሄም ስልክ ደውላ አማቷ ያሉበት ቦታ እንዲያጥር ጠየቀች። ወንዲ እስኪመሽ ሲቆርጥ ቆየ፤ ኮምፒውተሩም ሌሊቱን እንደገና ሲፈጭ አደረ።

እሁድ ቪዲዮው ታየ። ያልተቆረጠው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አጎትየው ብቻ «የኔ ንግግር የታል?» እያሉ ወንዲን አስጨነቁት።

«ፍጥነቱ ነው አባባ፣ ኦቨርክሎክ ስላደረግነው አልፎት ሄዶ ነው።»

አጎትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንዲ ቀና ብሎ አየኝ። የላስቲኩን ነገር ለማንም አልተናገረም፤ እኔም ስለ አጎትየው ንግግር አልተናገርኩም።