ባሩድ ላይ ቁጭ ብዬ የተነሣሁ ቀን

«የቱ ጋ ነበር ያቆምሽው?» አለኝ ማይስተሩ፣ ሙያውን የሚያስተምረኝ የሱቁ ባለቤት።

ቀለሃ ውስጥ ባሩድ መሙላት የጀመርኩበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ቦከንሃይም፣ የስፖርት ተኳሾች መሣሪያ የሚጠገንበት ሱቅ ውስጥ አውስቢልዱንግ፣ የጀርመኖቹ የሙያ ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ዘንድሮ ተመርቄያለሁ፤ ያ ቀን ባይኖር የምመረቅ አይመስለኝም።

ጠዋት ሠንጠረዡን ከፈተልኝ። «የባሩዱ ስምና የአረሩ ክብደት ከዚህ ጋር ይግጠም። ከትንሹ ቁጥር ጀምሪ።» እኔ ችኩል ነኝ። አንድ ደንበኛ የነገረኝ ቁጥር አለ ብዬ ብነግረው «የሱ ሪቮልቨር ሌላ ነው» ብሎ ወደ ሚዛኑ መለሰኝ።

የባሩዱ ልክ ትንሽ ነው፣ የቀለሃውን ግማሽ አይሞላም። ሁለቴ ቢጨመርበትም አይፈስም። ሲተኮስ ግን ሪቮልቨሩን ይበትነዋል።

መሃል ላይ ጋሽ ተስፋይ ገቡ። የአስመራ ሰው ናቸው፣ በአማርኛ የተማሩ፤ ጻይልስሃይም አጠገብ ኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። የጠገንነው ሪቮልቨር የሳቸው ነው። በማግሥቱ ማይስተሩ እኔ በምሞላቸው በነዚህ ጥይቶች ሊሞክረው ነበር።

ቁጭ ብዬ ሰላም ልበላቸው? ባሩዱን መሃል ላይ ትቼ ተነሣሁና በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው።

«ተቀመጪ እንጂ፣ ሚኒስትር ነኝ እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ጉልበትዎ ተሻለዎት?»

«ቴርሚኔ፣ የሐኪም ቀጠሮዬ፣ ሐሙስ ነው። እስከዛ አነክሳለሁ።»

ከጉልበታቸው ወደ ሐኪማቸው፣ ከሐኪሙ ወደ እናቴ ጤና ሄድን። ተመልሼ ያቆምኩበት ከመሰለኝ ቀለሃ ቀጠልኩ፣ አረሮቹን አስገብቼ አርባ ስምንቱንም ጥይት ዘጋሁ። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው።

ማይስተሩ ከጓዳ ሆኖ ስነሣ አይቶኝ ኖሯል። ያኔ ነው መጥቶ የጠየቀኝ።

«እዚህ ጋ» ብዬ አንዷን ነካሁ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ልመዝናቸው?»

«ባዶው ቀለሃ ራሱ ክብደቱ ይለያያል። በምን ትለያለሽ?»

ምናልባት ልክ ነበርኩ። የተዘጉትን ጥይቶች መፍታት ደግሞ ከሰዓቱን ሙሉ ይፈጃል። ጠረጴዛው ላይ ያሳረፈውን እጁን አየሁት፤ ነገ ሪቮልቨሩን የሚይዘው እሱ ነው።

ጋሽ ተስፋይ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው በአማርኛ «ለኔ ብለሽ ተነሥተሽ ነው። ንገሪው፣ አይቆጣሽም» አሉኝ።

ዛሬ ባሩድ ላይ ሆኜ ሽማግሌ ቢገባ አልነሣም፣ ጨርሼ ነው ሰላም የምለው። ጋሽ ተስፋይም ዝም ብለው ይጠብቁኛል። ሁለቱንም አመሰግናቸዋለሁ፦ አንዱ ስለጠየቀኝ፣ አንዱ ስለገፋፉኝ።

ያን ቀን ማይስተሩን «አላውቅም» አልኩት። «ሁሉንም ልፍታቸው።»