በርበሬ በተሰጣበት ግቢ ዘይት መቀየር

በፍኖተ ሰላም የመኪናውን ዘይት በገዛ ግቢው፣ አንዲት ጠብታ መሬት ሳያስነካ የሚቀይር ሰው ከእኔ ሌላ አላውቅም። ካለ ይምጣና እንተያይ። ማንም አላስተማረኝም። በወጣትነቴ የወፍጮ ቤት ሞተር ብሎን በብሎን ፈትቼ መልሼ ስገጥመው ከአጠገቤ የቆመ ባለሙያ አልነበረም፤ ወፍጮው ግን በዚያው ቀን ጤፍ ፈጨ።

ባለፈው ጥር እኔና ባለቤቴ የዓመቱን በርበሬ በፒክአፓችን ጭነን በማግስቱ ቡሬ ገበያ ልንሄድ ተነጋግረን ነበር። በርበሬው የእሷ ነው። ከእናቷ በወረሰችው መሬት ላይ ራሷ ተክላ፣ ራሷ አርማ፣ ራሷ ለቅማ ያደረሰችው ነው። ጆንያ ከመግባቱ በፊት የመጨረሻዋን ፀሐይ እንዲጠግብ ግቢው ሙሉ በሰሌን ላይ ተሰጥቷል፤ ለመኪናዋ የቀረቻት ከበሩ አጠገብ ያለችው ጠባብ ቦታ ብቻ ናት። እኔ ደግሞ በዚያ ጠዋት የዘይቱን መለኪያ መዝዤ ሳይ፣ እንደ ቅራሪ ቀጥኖ እንደ ጥላሸት ጠቁሮ አገኘሁት። በእንዲህ ያለ ዘይት ጭነት አይጫንም። መቀየር አለበት አልኩ።

«እዚህ አይሆንም» አለች ባለቤቴ፣ በርበሬውን በእጇ እያገላበጠች። «ጋራዥ ይውሰዷት።»

«ጋራዥ? ባለፈው የቀየረልኝ ሰው ታፖውን ሳያጠብቅ ለቆኝ እስከ ማንኩሳ እያንጠባጠብኩ አልሄድኩም?» ታፖ የምንለው ከሞተሩ ሆድ ሥር ያለውን የማፍሰሻ ብሎን ነው።

«ያኔ ያንጠባጠቡት አስፋልት ላይ ነው። እዚህ በርበሬዬ ላይ ቢያርፍ ግን ነጋዴው ገና ሲያሸተው ጆንያውን ሁሉ ይመልስልኛል። ናፍጣ ናፍጣ የሚል በርበሬ ማን ይገዛል?»

«በርበሬሽንም መሬቱንም አንዲት ጠብታ አትነካውም።»

«ብትነካውስ?»

«ብትነካው ይህች መኪና ሁለተኛ በዚህ በር አትገባም። ውጭ ትደር!»

ይህን ስናገር የነፍስ አባታችን በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ባለቤቴ ተደሰተች። «እንኳን መጡ፣ አባቴ! ዳኛ ይሁኑን» ብላ ቃሌን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«ጠበል ልረጭ መጥቼ በዘይት ልፍረድ?» አሉና ሳቁ። ግን በርጩማ ሲቀርብላቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ነገሩ ከመቀለድ አልፏል። በሰው ፊት፣ ያውም በነፍስ አባት ፊት የወጣ ቃል አይታጠፍም።

ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ ብቻ አስነሣሁት። ቀዝቃዛ ዘይት ከሆዱ አይወጣም፣ የፈላ ደግሞ እጅ ይልጣል፤ ለብ ሲል ነው የሚሻለው። የፊት ጎማዎቹን በሁለት ሰፋፊ የባሕር ዛፍ ሳንቃዎች ላይ አወጣሁ፣ ከኋለኞቹ ሥር ድንጋይ ሸጎጥኩ። ቀጥሎ ከጓሮ ሰፋፊ የኮባ ቅጠል ቆርጬ አመጣሁና አንዱን ባንዱ ላይ እያነባበርኩ ከመኪናዋ ሥር አነጠፍኩ። ሌላው ሰው ጆንያ ያነጥፋል። ጆንያ መጀመሪያ ይጠጣል፣ ኋላ ያሳልፋል። ኮባ አይጠጣም፣ አያሳልፍም።

«ዳቦ ልትደፋ ነው?» አሉ የነፍስ አባቴ።

«ዳቦ እሷ ትደፋለች፣ አባቴ። እኔ ምንም አልደፋም።»

ጎኑን የቀደድኩትን ጀሪካን በታፖው ትክክል አላስቀመጥኩትም፤ ትንሽ ወደፊት አራቅሁት። ዘይት መጀመሪያ ሲለቀቅ ከእስር እንደተፈታ ጥጃ ዘሎ ነው የሚወጣው። ታፖውን በቁልፍ አላልቼ፣ ከዚያ በጣቴ ወደ ውስጥ እየገፋሁ ፈታሁት። ጥርሱ አልቆ እስኪለቅ ድረስ መግፋቴን አልተውኩም፤ ሲለቅ በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ነጠቅሁት። ዘይቱ ዘሎ ጀሪካኑ መሃል ገባ።

ቀጥሎ ፊልትሮው ነው፤ ዘይቱን የሚያጣራው ቆርቆሮ። የተቀመጠው በርበሬው በተሰጣበት በኩል ነው። አልፈታ ሲላቸው ሰዎች በካቻቪቴ ወግተው ያዞሩታል፣ ዘይቱም እንደ ታረደ በግ ደም ይረጫል። እኔ የከመነዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ቁራጭ ጠምጥሜ በዱላ አጠበቅሁትና አዞርኩት። ላላ ሲል ፌስታል አለበስኩት፣ በፌስታሉ ውስጥ እንዳለ ፈታሁት። የያዘው ዘይት እዚያው ቀረ።

አሸንፌያለሁ ብዬ ነበር። ከታፖው ቀዳዳ የሚወርደው ዘይት ቀጥኖ እንደ ክር ሆኗል። ያን ጊዜ የጥር ነፋስ በአጥሩ ገባ። ክሩ ጎበጠ። ጀሪካኑን አለፈ፣ የኮባውን ጠርዝ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም፤ ከዚያ ወዲያ ሰሌኑና በርበሬው ናቸው። በጀርባዬ ተኝቻለሁ፤ ቀኝ እጄ ፌስታሉን ይዟል። ግራ ክንዴን ሰድጄ ከክሩ ሥር ዘረጋሁት። ዘይቱ በእጅጌዬ ላይ ወደ ክርኔ ወረደ፣ ከክርኔ ወደ ጀሪካኑ። ከጠበቅሁት በላይ ያቃጥል ነበር። አልተነቃነቅሁም።

«ምን ሆኑብን?» አለች ባለቤቴ።

የነፍስ አባቴ ጎንበስ ብለው አዩ። «ክንዱን ቦይ አድርጎታል» አሉ።

ነፋሱ እስኪያልፍ እንደዚያው ቆየሁ። ከዚያ ታፖውን ዘይት በማታሳልፍ አዲስ ቀለበት፣ በሮንዴላ፣ አጠበቅሁ፣ የአዲሱን ፊልትሮ ጎማ ዘይት ቀብቼ በእጄ ገጠምኩ፣ አዲሱን ዘይት ሞላሁ፣ ኮባውን ወደ ውስጥ አጥፌ አወጣሁ። ሞተሩን አስነሥቼ ከሥር አየሁ፤ ደረቅ ነው።

ባለቤቴ ነጭ ባዘቶ ይዛ መጣች። መሬቱን ጠረገች፣ ለመኪናዋ የቀረበውን በርበሬ አንድ ባንድ አሸች፣ አሸተተች። ባዘቶው ላይ አቧራ እንጂ ሌላ የለም። ቀና ስትል ሸሚዜን አየችው።

«ይኸው! ይሄስ መፍሰስ አይደለም?»

«ቃሉ በርበሬና መሬት ነው» አሉ ዳኛችን። «ሸሚዝ አልተነሣም።»

«እሺ፣ አባቴ። ካልተነሣ እኔም አላጥበውም።»

«ይህም ፍርድ ነው» ብለው ተነሡ።

በማግስቱ ቡሬ ላይ ነጋዴው ከጆንያው እፍኝ አውጥቶ አሸተተና አስነጠሰው። ደግሞ አስነጠሰው። በርበሬ ነው፤ ተሸጠ።

ሸሚዙን በሳሙናም በአመድም ራሴ አጠብኩ፤ እጅጌው እስከ ክርኑ እንደጠቆረ ቀረ። መኪናዋ ግን እስከ ዛሬ የምታድረው ግቢ ውስጥ ነው። ወሬው ተሰምቶ በቅርቡ ሁለት ባለባጃጆች ዘይታቸውን ገዝተው «አባባ፣ ያሳዩን» ብለው መጡ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«ትርፍ ሸሚዝ ይዛችኋል?» አለቻቸው።