አንቱ የተባለ ቤት

የፍቺ ቤት አይሸጥም። ይህን የነገረን በብቸና ገበያ እህል የሚነግድ ሰው ነው። ቤታችንን ሊገዛ መጥቶ ክፍሎቹን ሁሉ ዞሮ አየ፤ ቆርቆሮውን አንጋጦ መረመረ፤ ከዚያም ደጃፉ ላይ ቆሞ የገዛ ጫማውን ሲያይ ቆየ።

«ቤቱስ ደግ ቤት ነው» አለ በመጨረሻ። «ነገር ግን እመቤት፣ እርስዎ የሚኖሩት ወዲያ ትምህርት ቤቱ አጠገብ በኪራይ ነው አሉኝ።»

«እውነት ነው» አልኩት።

«እንግዲህ አንዲት ሚስት የሸኘ ቤት ሁለተኛዋን መሸኘት አያቅተውም። እኔ ደግሞ ያለችኝ አንዲት ናት።» በትሕትና እጅ ነሥቶ ሄደ። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ያንኑ በሌላ ቃል ተናገሩ።

የተለያየንበትን ምክንያት ባጭሩ እጨርሰዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አይገባውም። ባለቤቴ የፍርድ ቤት ሰው ነበር፤ ለሥራ እያለ ሮብ ገበያ ወደምትባል ከተማ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን ገበያ ውዬ ሳለ ከዚያ አገር የመጣች ማር ሻጭ የማን ሚስት እንደሆንኩ ስትሰማ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ጉልበቴን ሳመችና «እንኳን ማርያም ማረችዎ!» አለችኝ። ይህ ለወለደች ሴት የሚባል ቃል ነው። እኔ ወልጄ አላውቅም። «የልጅዎ የክርስትናው ጠጅ የተጣለው በእኔ ማር ነው» ብላ ጨመረች፤ የኮራችውም በማሯ ነበር። አመሰገንኳት፤ ማሩንም ገዝቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

የተጋባነው በሰማንያ ስለነበር ጉዳያችን በሽማግሌዎች ታየ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ካህን ነበሩ፤ ከተማው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ፍርዳቸው ግልጽ ነበር፤ ቤቱ ይሸጥ፣ ዋጋው እኩል ይከፈል፣ ንብረቱ ሳይከፈል ግን ፍቺው አይጽናም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነበር። የሞጣ ትምህርት ቤት ለመስከረም አስተማሪ ፈልጎ ስሜ ተጠርቶልኝ ነበር፤ የዝውውሩ ሹም ደግሞ ባለትዳር ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ከባሏ ከተማ አትዛወርም አለኝ፤ ፈቃዱን ለምኜ ሚስትነቴን ላጸና ደግሞ አልፈለግሁም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከወንዶች እኩል ተቀምጬ የተመረቅሁ ሴት፣ ከብቸና ሞጣ ለመሄድ አንድ የጭቃ ቤት እስኪሸጥ መጠበቅ ነበረብኝ። ክረምቱ ሳይገባ ካልተሸጠ ማንም በጭቃና በዝናብ መጥቶ ቤት አያይም፤ የሞጣው ቦታ ለሌላ ይሰጣል፤ እኔም የዚያ ሰው ሚስት ሆኜ እቀራለሁ።

የእህል ነጋዴው ያለውን ለየኔታ ብነግራቸው አልተደነቁም።

«ልክ ብሏል» አሉ። «እስኪሸጥ ድረስ ተመልሰሽ ግቢ። ሰው የሚኖርበት ይምሰል።»

«ይምሰል ነው ያሉኝ፣ የኔታ?»

«ይምሰል ነው ያልኩሽ። ከመሰለ በኋላ የሆነም ብዙ አለ።»

የተመኙት ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ሽማግሌ ሲፈርድም ሲያስታርቅ ነው። እኔ ግን የፈለግሁት ገዢ ነበር፤ በማግሥቱ ዕቃዬን አሸክሜ ገባሁ።

በገባሁ ዕለት ያ ሰው ከሳሎኑ መካከል ቆሞ፣ ዐይኔን ሳያይ፣ «እርስዎ ጓዳውን ይያዙ፤ እኔ እዚህ እሆናለሁ» አለኝ። በትዳራችን ዘመን እኔ «አንቺ» ነበርኩ፤ «አንቺ፣ ውሃ!» «አንቺ፣ መብራቱን!» እርሱ ደግሞ በአገሩ ደንብ አንቱ ነበር። ሚስት ባሏን አንቱ ትላለች፤ ባል ሚስቱን አንቺ ይላል፤ ይህን የሚያፋልስ አይገኝም። ነገር ግን ችሎት የዋለ ሰው ነውና ተሟጋችን አንቱ ማለት ያውቅበታል። አንቱታ ሁለት በር አለው፤ በአንዱ ክብር ይገባበታል፣ በሌላው ፍቅር ይወጣበታል። በዚያ ቀን የተከፈተው ሁለተኛው ነበር። «መልካም ነው» አልኩት፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም በዚያው ቀጠልን።

ቤቱን ማሰናዳት ጀመርን። እርሱ የውጭውን፣ እኔ የውስጡን ተከፋፈልን፤ ያለ ሽማግሌ የተስማማንበት ክፍፍል ይህ ብቻ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ እስኪብላላ ተተወ፤ ከዚያ ሴቶች ቀጥረን ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አስለሰንኩ፤ ልስኑ ሲደርቅ ኖራ አስቀባሁ። እርሱ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ የምስማሩን ቀዳዳ ሁሉ በሬንጅ ደፈነ። በትዳራችን ዘመን ዝናብ በመጣ ቁጥር ከራስጌዬ ሳፋ የማይጠፋው እነዚያ ቀዳዳዎች ስላልተደፈኑ ነበር። ለመጽሐፎቼ መደርደሪያ እንዲያሠራልኝ ስለምነው ኖሬ ነበር፤ ቤቱ የተማረ ሰው የሚኖርበት ይመስላል ብሎ ያኔ አሠራው። ሥራውም ጥሩ ነበር። ጥሩ መሥራት የሚችል ሰው እንደነበረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ማወቄም አልጠቀመኝም።

የሠርጋችንን ፎቶግራፍ ከሻንጣዬ አውጥቼ በቦታው ሰቀልኩት። ትልቁን አልጋ በነጭ አንሶላ አነጠፍኩ፤ ሁለት ትራስም ጎን ለጎን አኖርኩበት። እኔ የምተኛው ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ ነበር፤ ጧት ጧት መኝታዬን ጠቅልዬ ባዶ ጎታ ውስጥ እከትና ክዳኑን እገጥማለሁ። እህል የሚቀመጥበት ጎታ ስለሆነ ማንም እዚያ ውስጥ አልጋ አይፈልግም።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ከሞጣ አንዲት ባልቴት መጡ። ልጃቸው በብቸና ክሊኒክ ድሬሰር ሆኖ ተመድቦ ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ ድረውታል፤ ለሙሽሮቹ ቤት ሊገዙላቸው ነበር የመጡት። የሩቅ ሰው ስለሆኑ የከተማው ወሬ አልደረሳቸውም። ከሞጣ መምጣታቸውን ስሰማ ወደዚያው ልሄድ ማሰቤን ለራሴ ያዝኩት።

ባልቴቷ ገና ከመግባታቸው ግድግዳውን በምርኩዛቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይህ ግድግዳ ሙሽራ ነው» አሉኝ። «ሙሽራ ደግሞ ሁሉም ያምራል። መልኩ የሚታየው ሲከርም ነው።» መደርደሪያውን አይተው ቆሙ። «ይሄስ? የዶሮ ቆጥ ነው?»

«የመጽሐፍ ነው፣ እማማ።»

«ያው ነው። እሱም ሌሊት ይንጫጫል ይባላል።» ወደ ጓዳ አልፈው ጎታውን በጉልበታቸው ገፋ ቢያደርጉት አልነቃነቅ አለ፤ በቡጢ ቢመቱት ድፍን ድምፅ ሰጠ። «ምን አለበት?»

«ጤፍ ነው» አለ ያ ሰው ከኋላ።

«በግንቦት? ሰው ሁሉ ጎታውን በሚጠርግበት ወር?» ወደ እኔ ዞረው ከራስ እስከ እግር አዩኝ። «ባለሙያ ነሽ።» እኔ አልዋሸሁም። የዋሸው ሕግ የሚያውቀው ነው።

ሳሎን ተመልሰው ስለ ክረምቱ ጠየቁ። ያፈስሳል አያፈስስም ብለው ያ ሰው ላይ አፈጠጡ፤ እርሱም መልሱን ከመስጠቱ በፊት ለመቀመጫቸው ወደ እኔ ዞሮ «እባክዎ፣ ያቺን በርጩማ ለእማማ ያቀብሉልኝ» አለ። በርጩማውን አመጣሁ። «ይኸው፤ ለእርስዎስ ላምጣልዎ?» አልኩት። «አይቸገሩ፤ እርስዎ ይቀመጡ» አለ።

ባልቴቷ አልተቀመጡም። ምርኩዛቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ማንን ነው አንቱ የምትለው?»

«ባለቤቴን።»

«ባለቤትህን!» ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ቆመ። «እኔ ባሌ እስኪሞት ስሜ ‹አንቺ ሴትዮ› ነበር። ሲሞትም ‹አንቺ ሴትዮ፣ ነጠላዬን› ብሎ ነው የሞተው። ተመስገን፣ ሳልሞት ይህን ሰማሁ። አንቱ ተባብለው የሚኖሩበት ቤት ቢያፈስም እወስደዋለሁ። አፉ ክፉ ቃል አያፈስምና።»

ያ ሰው ሳል አመለጠው። እኔ በርጩማውን ወደ እርሳቸው ጠጋ አደረግሁ።

ውሉ የተፈጸመው በዚያው ሳሎን ነው። የኔታ በመካከል ተቀመጡ፤ ሽማግሌዎቹ፣ ዋሶቹ፣ ድሬሰሩና ሙሽሪት በዙሪያቸው ነበሩ። ሙሽሪት ልጅ እግር ናት፤ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ስባ ከባሏ ኋላ ተደበቀች። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን ያውቁታል፤ ሁሉም ወለሉን ያዩ ነበር። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ባልቴቷ «ቆይ» አሉ።

«ቤት ያለ ምርቃት አይወረስም። ባለቤቶቹ ልጆቼን ይመርቁልኝ። እንደ እናንተ ያድርጋቸው በሉልኝ።»

ያ ሰው «ይባረክላችሁ፤ ሰላም ግቡበት» ብሎ ተገላገለ። ባልቴቷ አልረኩም። ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ በይ። እንደ እኛ ያድርጋችሁ በያቸው።»

እንዲያ ብል እርግማን ነው፤ እርግማኑም የሚያርፈው በዚያች ልጅ ላይ ነው። አልልም ብል ደግሞ ነገሩ ይወጣል፤ ውሉ ይፈርሳል፤ ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው። ሙሽሪትን አየኋት፤ ከዚያ የኔታን አየኋቸው።

«ቤቱን አንቱ ያሰኝላችሁ» አልኩ፤ «እናንተን ግን አንተ ትብስ፣ አንቺ ትብስ ያባብላችሁ።»

«ይበል!» አሉ የኔታ። ቅኔ ሲዘረፍ የሚባለው ቃል ነው፤ ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ባልቴቷ ግን ሰሙን ሰምተው «አሜን! አንቱ የተባለ ቤት ያድርግላቸው!» አሉ። ያ ሰው ወርቁን ሰምቷል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ የሠርጋችን ፎቶግራፍ አሁንም እዚያው ተሰቅሎ ነበር።

በዚያው ሳምንት ፍቺው ጸና። ፎቶግራፉን እኔም አልወሰድኩ፣ እርሱም አልወሰደ። መኝታዬን ከጎታው አውጥቼ ጠቀለልኩ፤ መጽሐፎቼን ከመደርደሪያው አውርዼ በሣጥን አደረግሁ፤ መደርደሪያውን ለዶሮዎቹ ተውኩላቸው። የኔታ ሊሰናበቱኝ መጥተው ስለ እርቅ ምንም አላነሡም። «ቅኔው ሞላ፣ ቤቱ ጎደለ» ብቻ አሉ። በቅኔ ቤት የስንኝ ስሙ ቤት ነው፤ እንደፈለግሁ እንድሰማው ተዉልኝ። ክረምቱ ሳይበረታ በጭነት መኪና ሞጣ ገባሁ።

ሞጣ ትንሽ ከተማ ናት፤ አንድ ሰው ካንድ ሰው ተሸሽጎ አይኖርባትም። መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ባልቴቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ አገኙኝ። ደስታቸው እውነተኛ ነበር፤ ጉንጬን ደጋግመው ሳሙ። ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ክረምቱ ሲያልፍ ቤቱ አላፈሰሰም፤ ሙሽሪት ጸንሳለች። ያ ሬንጅ ቢያንስ ለአንዲት ሴት ደርሷል።

«እንግዲህ እዚህ ምን አመጣሽ? ለዘመድ ጥየቃ ነው?»

«አስተምራለሁ።»

«ብቻሽን?» መልሴን አልጠበቁም፤ ወይም ሊሰሙት አልፈለጉም። «ባለቤትሽስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ነው» አልኩ።

ሳላስበው አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ቃል ሳላስብ ተናግሬ አላውቅም። በዕድሜዬ ሙሉ ባል ስለተባለው ሰው ስናገር «ናቸው» ስል ኖሬአለሁ፤ ለማር ሻጯም፣ ለዝውውሩ ሹምም፣ ለሽማግሌዎቹም። ባልቴቷ እጄን እንደያዙ ቀሩ። ያ ቤት በአንድ ቃል የተገዛው በእኒህ ጆሮዎች ነበር፤ ጆሮዎቹም አልደከሙም። ሰዉ በግራ በቀኛችን እየተሳለመ ያልፋል። ፊቴን ለረጅም ጊዜ መረመሩት፤ በምርኩዛቸው ነካ ነካ ያደረጉት የኖራ ግድግዳ ይመስል።

«ነው?» አሉኝ።

«ነው» አልኳቸው።